ወላጅ የሚል ሰደርያ

መስከረም 20

ለውድ እትዬ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጉልበትሽ በርትቶ፣ ዓይንሽ ጠርቶ፣ ቤትሽ ሞልቶ ያግኝሽ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከወገቤ በቀር የሚያመኝ የለም፤ እሱም የሥራ ነው።

ልጄን ድንቢጤን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። «ስልክ ላይ ታለቅሻለሽ፣ ከለቅሶሽ መሃል ወሬ አይለቀምም፤ ጻፊልኝ» ስላልሽኝ ይኸው እጽፋለሁ። ድሮ ደብዳቤዬን የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ነበረች የምታነብልሽ። አሁን በራስሽ መነጽር፣ በራስሽ አፍ እንደምታነቢው ሳስብ እንደ ተማሪ እጠነቀቃለሁ። ታላቅ እህቴ በዚህ ዕድሜዋ ፊደል ቆጠረች እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራለሁ።

የዛሬው ጉዳዬ የልጄ ኳስ ነው። በሐምሌው ደብዳቤሽ ጀርባ ላይ እሷም ጠበብ አድርጋ ጽፋልኝ ነበር። መረብ ኳስ የሚያሰለጥናቸው ጎሚስታ ከየልጁ ቤት አንድ ወላጅ ቅዳሜ ጠዋት እየመጣ በነፃ እንዲያግዘው ጠይቋል አለች። መረብ የሚወጥር፣ መስመር የሚያሰምር፣ ውኃ የሚያቀርብ፣ ዳኛ የሚሆን ሰው ይፈልጋል። ሰው ያልመጣለት ልጅ ልምምድ ይሠራል እንጂ ግጥሚያ አይገባም። በሚያዝያ ደግሞ የሰፈሮቹ ውድድር አለ። «እናቴ፣ አንቺ ንገሪልኝ፤ እኔ ብነግራት እትዬ ትቆጣኛለች» ነው የምትለው።

እትዬ፣ እባክሽ ሂጂላት። እዚህ ወላጅ የሆነ ሁሉ ቅዳሜውን ከልጁ ጋር ነው የሚያሳልፈው። ዳኛው የአንዱ አባት ነው፣ ፎጣ ያዧ የአንዷ እናት ናት። ማንም አይከፍላቸውም። ልጅ ቀና ብሎ የራሱን ሰው ዳር ላይ ቆሞ ሲያይ ጉልበቱ ሌላ ይሆናል። ይህን ሰው ነግሮኝ አይደለም፣ በዓይኔ አይቼ ነው።

ደግሞ የምሥራች አለኝ። እሷን ወደዚህ የማመጣበት ወረቀት እየሄደ ነው። ክረምት ሳይገባ ያልቃል ብለውኛል። ሁለት አልጋ የሚይዝ ክፍል አይቻለሁ። ያን ጊዜ አንቺም እፎይ ትያለሽ።

በመጣው ሰው እጅ የስፖርት ጫማ ልኬላታለሁ። አድርጋው ስትዘል ባየኋት!

ታናሽሽ

———

ጥቅምት 9

ለታናሽ እህቴ፣

ቀንሽ የተባረከ፣ ጌቶችሽም የሚራሩልሽ ይሁኑ። ረጅም ሰላምታ ለመጻፍ እጄ ገና አልፈታም፤ ደህና ነኝ።

«እፎይ ትያለሽ» ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። የተሳሳትኩ መስሎኝ ፊደሉን አንድ በአንድ ነካሁት። አልተሳሳትኩም። በሁለት ዓመቷ አፍንጫዋን መናፈጥ ሳታውቅ አስረክበሽኝ ሄድሽ። አሁን ፀጉሯን ራሷ ስትሠራ፣ ዕቃ ስታጥብ፣ ሰው ስትሆን ልትወስጃት ነው፤ እኔ ደግሞ እፎይ ልል ነው። ጥሩ። ቤቱን ለብቻዬ እየጠረግኩ እፎይ እላለሁ።

ጫማው ደርሷል። ያምራል። ድንቢጥ መሬት ተቀምጣ ብትታገለው ብትታገለው ተረከዟ ውጭ ቀረ። ሳሙና ቀባንላት፤ እምቢ አለ። ጣቶቿ ቀልተው ተነሳችና «እትዬ፣ እግሬ ማደጉን አልነገርሻትም እንዴ?» አለችኝ። ነግሬሻለሁ። በሐምሌው ደብዳቤ ቁጥሩን ራሴ ጽፌዋለሁ፤ አራት ቁጥርን ያኔ ገና መለማመዴ ስለነበር ጠማማ ናት፣ ግን ትነበባለች። አንቺ ታዲያ በየትኛው እግር ለክተሽ ገዛሽው?

ጎሚስታው ቤቴ ድረስ መጥቶ ነበር። እጁ እንደ ጎማው ጥቁር ነው፤ ወንበሬ ላይ እንዳይቀመጥ በር ላይ አቆምኩት።

«እማማ፣ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው የምለምንዎት» አለኝ።

«ቅዳሜ ጠዋት የማን ነው? የአንተ ነው የእኔ?»

«የልጅቷ ነው።»

«የልጅቷማ እናት አለቻት።»

«የት ናት?»

«አንተ ጎማ ሲመጣልህ አየሩ በየት ወጣ ብለህ ትጠይቃለህ?»

«እሱን ነው እንጂ ሌላ ምን እጠይቃለሁ! ሥራዬ እኮ እሱ ነው» ብሎ ሳቀ።

በሩን ዘጋሁበት። ከበሩ ኋላ ሆኖ ደግሞ «ሰደርያም አሰፍቻለሁ! ጀርባው ላይ ወላጅ የሚል!» ብሎ ጮኸ። ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

ያልወለድኩት ልጅ አባባ ቢለኝ አፌን ዳባ ዳባ አለኝ ይላል ተረቱ። እኔ ለልጅሽ አጣቢ ሆኛለሁ፣ አስታማሚ ሆኛለሁ፤ ኩፍኝ ስትታመም ጡት እንዳላት ሴት ደረቴ ላይ አስተኝቻታለሁ። ወላጅነቱን ግን ለአንቺ ትቼልሻለሁ። የሰው ሰደርያ አልለብስም።

ይልቅ አንድ ነገር ገርሞኛል። እዚያ ወላጆች የሚያደርጉትን «በዓይኔ አይቼ ነው» ብለሻል። የማንን ልጅ ይዘሽ ሄደሽ አየሽ? ፎቶ ካለሽ ላኪልኝ። ማን ያውቃል፣ አይቼው ልቤ ይራራ ይሆናል።

ታላቅሽ

———

ኅዳር 27

ለውድ እትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ። የአሠሪዎቼ ሁለቱም ልጆች ጉንፋን ይዟቸው ነበር። እናትና አባታቸው ሥራ ስለሚውሉ ከአልጋቸው ሥር አልተነሳሁም።

የጫማው ነገር ምድር ዋጠኝ። ሱቅ የገባሁት ትንሿን ይዤ ነበር። ከድንቢጥ ጋር በአንድ ወር ነው የተወለዱት። አስሞከርኳት፤ ልክ ሆናት፤ ገዛሁት። ደብዳቤሽን ቤት ትቼው ነበር። እውነት ነው የምልሽ፣ ሌላ እግር አልታየኝም። በየቀኑ ካልሲ የማጠልቀው እግር እሱ ነው።

ስላየሁት ነገር ጠይቀሽኛል። አልደብቅሽም። ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ዋና ይማራሉ። ክበቡ ከየቤቱ አንድ ትልቅ ሰው መጥቶ በነፃ ያግዝ አለ። እመቤቲቱ እኔን ላከችኝ። ሰደርያ ሰጡኝ፤ ጀርባው ላይ በእነሱ ቋንቋ ወላጅ ይላል። «እኔ ወላጅ አይደለሁም፣ የቤት ሠራተኛ ነኝ» ብላቸው «ሌላ ሰደርያ የለንም» አሉኝ። እና ለበስኩት። መጀመሪያ ጀርባዬን ያሳክከኝ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ።

እትዬ፣ እንዳትስቂብኝ፤ ደስ ይለኛል። ልጅ ከውኃ ሲወጣ ዓይኑ በውኃ ተሸፍኖ ማንንም አይለይም፤ በጭፍኑ ፎጣ ወደያዘው ሰው ነው የሚሮጠው። ትንሿ እየተንቀጠቀጠች መጥታ ስትወሸቅብኝ ደረቴ ይርሳል። ያን ጊዜ ነው ድንቢጥን ማን ያቅፋታል ብዬ የማስበው። ለዚህ ነው ሂጂላት ያልኩሽ። አንቺን ላዝሽ አይደለም። እኔ እዚህ የማደርገውን አንድ ሰው እዚያ ያድርግልኝ ብዬ ነው።

ፎቶውን ልኬልሻለሁ። የትንሿ አባት ነው ያነሳን፣ ሜዳልያ ያገኙ ቀን። ለአንቺ ብቻ ነው። ለድንቢጥ አታሳያት፤ እኔ ራሴ ስትመጣ አስረዳታለሁ። በእናታችን አፅም።

ትልቅ ጫማ ልልክ ነው። ቁጥሩን መዳፌ ላይ ጽፌዋለሁ።

ታናሽሽ

———

ታኅሣሥ 30

ለታናሽ እህቴ፣

ጤና ይስጥሽ። ደስ የሚልሽን ልንገርሽ፦ ሄጃለሁ።

ጎሚስታው ወላጆችን የትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቦ ነበር። ወንበሮቹ የሕፃን ናቸው፤ ጉልበታችን አገጫችን ድረስ ወጥቶ እንደ ዶሮ ተኮለኮልን። ሰውዬው ይለምናል። «ኳሱን እኔ እችለዋለሁ፤ ዳር የሚቆምላቸው ሰው ነው ያጣሁት። ልጆቹ ነጥብ ሲያስቆጥሩ ዞር ብለው የሚያዩት አጥር ነው» ይላል። ወላጁ ደግሞ ምክንያቱን ያወርዳል። ኮንትራክተሩ «ቅዳሜ ሲሚንቶ ይራገፍልኛል» አለ። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ «ፀሐይ አይስማማኝም» አለች፤ ፀሐይ የሚከላከል ቅባት የምትሸጠው እሷ ናት። አንዱ ከኋላ «ልጄ ባይጫወት ይቀራል እንጂ» ብሎ ተነሳ።

ያን ጊዜ ፎቶሽን ከጉያዬ አወጣሁ።

«ቁጭ በል» አልኩት። ቁጭ አለ። «ይህችን ሴት እዩዋት። እህቴ ናት። እነዚህ ግራና ቀኝ የተለጠፉባት የእሷ አይደሉም፤ የአሠሪዋ ናቸው። የወለደቻት እዚህ ናት፣ የእናንተን ልጆች መረብ ተሸክማ የምትዞረው ድንቢጥ ናት። እህቴ በሰው አገር፣ ለሰው ልጅ፣ ቅዳሜዋን ሰጥታ ፎጣ ትይዛለች። እናንተ ከሆዳችሁ ለወጣው፣ ከበራችሁ መቶ እርምጃ ለማይርቀው ሜዳ፣ ፀሐይና ሲሚንቶ ታወራላችሁ!»

ኮንትራክተሩ ሳቅ ብሎ «እማማ፣ እሷ እኮ ደመወዝ አላት» አለኝ።

«ለቀኑ አላት። ለዚህ ፈገግታ ግን ማንም አይከፍላትም። እየው ጥርሷን! እኔ አሳድጌያት ይህን ሁሉ ጥርስ አይቼላት አላውቅም።»

የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ዓይኗን ጠርጋ «ውኃውን እኔ አቀርባለሁ» አለች። ኮንትራክተሩ «ኖራውን እኔ አመጣለሁ፣ መስመሩንም አሰምራለሁ» አለ። ሊወጣ የነበረው ሰውዬ መረብ ልወጥር አለ። ጎሚስታው በደስታ የሚሆነውን አጣ። አንድ ዓመት ሙሉ በልመና ያላገኘውን በአንድ ፎቶ አገኘው። ስለዚህ አመስግኚኝ፤ ልጅሽን ብቻ ሳይሆን የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ባለሰው አደረግሽው።

ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር በሩ ጋ ደረሰ። በሩ ጋ ድንቢጥ ቆማ ነበር።

አታሳያት ብለሽኛል። አላሳየኋትም፤ ዞሮ ደረሳት። ብዙ አየችው። ሰው ሁሉ እሷን ያይ ጀመር። እሷ ግን እኔን ቀና ብላ አይታ «እትዬ፣ ጫማው ልክ የሆናት ይቺ ናት?» አለችኝ። ከዚያ ፎቶውን ለቀጣዩ ሰው አሳልፋ ሄደች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር።

እኔን የመስመር ዳኛ አድርገውኛል። ባንዲራ ሰጥተውኛል። ኳሷ መስመሩ ላይ ወይም ውስጥ ካረፈች ወደ መሬት አወርደዋለሁ፤ ውጪ ካረፈች ወደ ሰማይ አነሳዋለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ነጭ አንሶላ ላይ እድፍ ስፈልግ የኖርኩ አጣቢ ነኝ፤ አንዲት ኳስ አታመልጠኝም። ልጅ ቢያኮርፍ፣ ወላጅ ቢሰድብ ግድ የለኝም። ሰደርያውንም ለብሻለሁ። እንደ አንቺው፣ ሌላ የላቸውም።

ትልቁ ጫማ አያስፈልግም። ጎሚስታው አንድ አሮጌ ፈልጎ ሶሉን ለጥፎላታል።

ታላቅሽ

———

የካቲት 30

እትዬ፣

ሰላምታ ከየት አምጥቼ ልጻፍልሽ? ሁለት ወር ሙሉ ወረቀቱን ዘርግቼ መልሼ አጥፌዋለሁ።

በእናታችን አፅም ለምኜሽ ነበር።

እኔን ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽና እጅሽን አውቀዋለሁ። በሁሉም ፊት ትመቺኛለሽ፤ ከዚያ ምን ጥሩ ሆነ፣ ተማርሽበት ትያለሽ። ለወላጆቹ ብለሽ አይደለም ያንን ያደረግሽው። ልጄ እንድትጠላኝ፣ ጠልታኝም አንቺ ዘንድ እንድትቀር ነው። ፎቶ ላኪ ስትይኝም ሳታስቢው አልነበረም። እኔ ሞኟ የልቤን ጻፍኩልሽ።

አሁን የምነግርሽን በደንብ አንብቢ፤ ማንበብ ችለሻል። እሷን የማመጣበት ወረቀት አልቋል። በግንቦት ድንቢጥን ቪዛ የሚሰጡት ቢሮ ይጠሯትና «ወደ እናትሽ ትሄጃለሽ ወይ?» ብለው ራሷን ይጠይቋታል። አዎ ካለች በሰኔ ትመጣለች። አይ ካለች ይዘጋል፤ ሁለተኛ አይከፈትም። ሌላ ሰው አይመልስላትም፤ አንቺም አትመልሺላትም።

ከዚያ በፊት ፊት ለፊት ላያት ነው። ለሚያዝያው ውድድር እመጣለሁ። እያንዳንዷ ተጫዋች ከወላጇ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ነው ወደ ሜዳ የምትገባው ብሏል ጎሚስታው፤ በመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ስልክ ደውዬ ጠይቄዋለሁ። እኔ ነኝ የማስገባት። እንዲህ ብለሽ ንገሪያት። ቃል ሳትጨምሪ፣ ቃል ሳትቀንሺ።

እህትሽ

———

መጋቢት 22

ለታናሽ እህቴ፣

መንገድሽ የቀና ይሁን።

ነግሬያታለሁ፤ ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። «በእውነት?» አለች። «ጽፋዋለች» አልኳት። ደብዳቤውን ከእጄ ወስዳ ያንን መስመር ራሷ አነበበችው። ከዚያ ወዲህ ወለሉን ሁለቴ ነው የምትጠርገው። የምትተኚበትን ፍራሽ አውጥታ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች። ለጎሚስታውም፣ ለጓደኞቿም፣ ለኮንትራክተሩም ሳይቀር ነግራለች። እሱማ «መጥታ እንዳትታዘበን» ብሎ የሜዳውን አጥር ቀለም አስቀብቷል። ሰፈሩ ሁሉ ይጠብቅሻል።

እንድትቀርልኝ ነው ላልሽው፣ አዎ። አልክድም። አንቺ ስትማሪ እኔ የሆቴል አንሶላ አጥብ ነበር። ለአንቺ ደብተር የገዛሁት እኔ ፊደል ሳልቆጥር ነው። ተማርሽና ሄድሽ። ከአንቺ የተረፈችኝ እሷ ነበረች፤ አሁን እሷንም ልታስከትያት ነው። እጄን አጣጥፌ እንድሸኛት ነበር የፈለግሽው? ሁለቴ የሚዘረፍ ሰው ሁለተኛውን በዱላ ነው የሚጠብቀው።

ግን ደግሞ እልሻለሁ፦ ነይ። ከመጣሽ ሰደርያውን አውልቄ እሰጥሻለሁ፤ አንቺ ታስገቢያታለሽ፣ እኔ ባንዲራዬን ይዤ ዳሬ ላይ እቆማለሁ። ቢሮም ገብታ አዎ ብትል አፌን አልከፍትም። ይህን ያህል እችላለሁ።

የማትመጪ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ንገሪኝ። ፍራሹ ፀሐይ ላይ ነው ያለው።

ታላቅሽ

———

ሚያዝያ 11

እትዬዋ፣

እግርሽ ሥር ወድቄ ነው የምጽፈው። አልመጣም።

የልጆቹ እናት ለሥራ ወደ ሌላ አገር ልትሄድ ነው። የትንሿ የዋና ውድድርም በዚያው ቅዳሜ ዋለ። «በዚህ ቀን ጥለሽን ከሄድሽ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አሉኝ። ሥራዬ ከሄደ የድንቢጥ ወረቀት አብሮ ይሄዳል፤ በደመወዜ ላይ ነው የቆመው። ልጄን ለማምጣት ስል ነው ልጄ ዘንድ ሳልመጣ የምቀረው። አንቺ ይገባሻል፤ እሷ ግን አይገባትም።

ስለዚህ በረራው ተሰረዘ በይልኝ። ይህን አንዲት ውሸት ዋሺልኝ። ሌላ ምንም ጠይቄሽ አላውቅም፤ እሺ፣ ጠይቄሻለሁ። ይህን ብቻ ግን እባክሽ።

ደግሞ አንቺ አስገቢያት። ሰደርያውን አጥበሽ፣ ተኩሰሽ፣ እጇን ይዘሽ ግቢ። ወላጅዋ አንቺ ነሽ። ብዙ ጊዜ ልጽፈው አስቤ እጄ እምቢ ሲለኝ የኖረው ቃል ይኸው ነው።

ታናሽሽ

———

ግንቦት 12

ለታናሽ እህቴ፣

ፈጣሪ ልብሽን ያጽናልሽ። የሚያስፈልግሽ እሱ ነው።

በረራው ተሰረዘ አላልኩም። ለእሷ ዋሽቼ አላውቅም። ክፉ ነገር አድርጌባታለሁ እንጂ አልዋሸኋትም። «እናትሽ ሥራ ላይ ናት» አልኳት። «እሺ» አለች። ፍራሹን ጠቅልላ ከአልጋዋ ሥር አስገባችው።

የውድድሩ ቀን ሰደርያውን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ክሩን ሁሉ ለቅሜ ለበስኩት። ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ ነበር። ወላጅዋ አንቺ ነሽ የምትለው ቃል ጎኔ ላይ ትሞቀኝ ነበር፤ አይ ሞኝነቴ! ተጫዋቾቹ ተሰለፉ። ኮንትራክተሩ እንደ ሙሽራ አባት ልብሱን አሳምሮ የልጁን እጅ ይዟል። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ጃንጥላ ይዛ ከልጇ ጎን ቆማለች። ሰው ያልመጣለት ልጅ አልነበረም። ጎሚስታው እያንዳንዱን እያየ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሄጄ ከድንቢጥ ጎን ቆምኩና እጄን ዘረጋሁላት።

እጄን አየችው። ከዚያ በጣም በትህትና፣ እንግዳ ሰው እንደሚያናግሩት አድርጋ «እትዬ፣ እናቴ ሥራ ላይ ናት፤ አንቺም ሥራ ላይ ነሽ። ባንዲራሽን ያዢ» አለችኝ።

ብቻዋን ገባች። ሰልፉ ውስጥ ከእሷ ጎን ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ ሄደ። ሰው ሁሉ ያጨበጭብ ነበር።

እኔም ዳሬ ላይ ቆምኩ። ሌላ የምቆምበት አልነበረኝም።

ልጅሽን ስትጫወት አላየሻትም። ሰማይ ላይ ስትቆይ የምትወርድ አይመስልም። በእሷ ጉልበት እኩል ለእኩል ደረሱ። የመጨረሻው ዙር ላይ ባላጋራዎቿ በአንድ ነጥብ ቀድመው፣ ለማሸነፍ አንድ ብቻ ሲቀራቸው፣ ኳሷን ይህችው ልጅሽ ዘላ በሙሉ ክንዷ መታችው። እኔ ወደቆምኩበት መስመር መጣች። አረፈች። ሜዳው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

ወጥታ ነበር። የጣት ስፋት ያህል። ኖራው አልተነካም። ለሌላ ሰው አልምልም፣ ለአንቺ ግን እምላለሁ፦ ወጥታ ነበር። ባንዲራውን ወደ ሰማይ አነሳሁት።

ጩኸቱን እዚያ ሆነሽ ሳትሰሚው አትቀሪም። ኮንትራክተሩ «እማማ፣ የገዛ ልጅዎን!» ብሎ ኮፍያውን መሬት ላይ ጣለው። «የጣት ስፋት አታልፊም? አንቺ ድንጋይ!» አለች የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ፣ ስንት ዓመት ደብዳቤ ያነበበችልኝ። ጓደኞቿ እያለቀሱ ወደ እኔ ሲመጡ ድንቢጥ ከፊታቸው ቆመችና «ተዉአት። ወጥቷል። እኔም አይቼዋለሁ» አለቻቸው። ለእኔ ግን ምንም አላለችኝም። ውኃዋን ጠጥታ ጫማዋን ፈታች።

ባለፈው ሰኞ ቢሮ ጠሯት። እኔ ውጪ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ቶሎ ወጣች። አልጠየቅኳትም፤ ራሷ ነገረችኝ።

«አዎ አልኳቸው።»

ያን ሁሉ ያደረግኩት አይ እንድትል ነበር፤ ታውቂዋለሽ። «ናፈቀችሽ ማለት ነው?» አልኳት።

«አይ።»

«ታዲያ ለምን ትሄጃለሽ?»

«ላያት።»

«ምኗን ነው የምታዪው?»

«ውስጥ መሆኗን፣ ወይ ውጪ መሆኗን። ሩቅ የቆመ ዳኛ ይሳሳታል ትይ የለ? ስጠጋ አየዋለሁ።»

«ውጪ ብትሆንብሽስ?»

እንደ ትልቅ ሰው ትከሻዋን ነቀነቀች። «አንቺ ምን ታደርጊያለሽ? እጅሽን ታነሺያለሽ፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ኳስ ትጠብቂያለሽ።»

እህቴ፣ በሰኔ ትመጣልሻለች። አልጋዋን አንጥፊ፣ ግን ደስ አይበልሽ። ልጅ እየላክሁልሽ አይደለም፤ ዳኛ እየላክሁልሽ ነው፣ ያሠለጠንኳትም እኔ ነኝ። አትጮህብሽም፣ አትሰድብሽም፣ ፊት አታዞርብሽም። ጓዳሽን ትጠርግልሻለች። ቅዳሜ ገንዳው ዳር ትቀመጥና ፎጣ ስትይዢ ታይሻለች። ለልመና አትረታም፣ ለስጦታም አትረታም። የምመክርሽ የለኝም፤ እኔ ራሴ ወድቄባታለሁ።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዴን አልተውኩም። አዲስ የገቡ ትንንሾች አሉ፤ የወላጆቻቸው ምክንያት ደግሞ አያልቅም። ሰፈሩ ስለሚጠላኝ የማንንም ፊት አላይም፤ በየበሩ እየሄድኩ አወጣቸዋለሁ።

ሻንጣዋን ራሷ አዘጋጅታለች። ስትደርስ «ደረሰች» ብለሽ ጻፊልኝ። ከእሷ አልጠብቅም።

ታላቅሽ